ድንገተኛ የኩላሊት ድክመት ምንድን ነው? «እንዴት ሳላውቅ ቀረሁ?» ለሚል ሰው

ድንገተኛ የኩላሊት ድክመት የሚባለው ደኅና ሲሠራ የቆየ ኩላሊት በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ደም የማጣራት ሥራውን ሲያቆም ነው። ያረጁ ድመቶችን በዓመታት ቀስ እያለ ከሚያደክመው ሥር የሰደደ የኩላሊት በሽታ የሚለየው ፍጥነቱ ሲሆን፣ እንስሳው የሞተበትን ሰው ግራ የሚያጋባውም ይኸው ፍጥነት ነው። ማክሰኞ ቆርቆሮ ላይ ስትሮጥ የነበረች ድመት ቅዳሜ ስትቀበር፣ ከሐዘኑ ጋር «እንዴት ሳላውቅ ቀረሁ?» የሚል ጥያቄ ቤት ውስጥ ይቀራል። ለዚህ ጥያቄ የኩላሊቱ አሠራር ራሱ ብዙ መልስ ስላለው ከዚያ እጀምራለሁ።

አንድ የድመት ኩላሊት ኔፍሮን የሚባሉ 200,000 የሚጠጉ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉት፤ የሰው ኩላሊት 1 ሚሊዮን ገደማ ነው ያለው። ሰውነት በየዕለቱ ከሚያስፈልገው እጅግ የሚበልጥ በመሆኑ፣ የተወሰኑት ሲሞቱ የቀሩት ሥራውን ተሻምተው ይሸፍኑታል። ኩላሊት ሽንትን የማወፈር ችሎታውን የሚያጣው ከአቅሙ ሁለት ሦስተኛው ገደማ ሲጠፋ ሲሆን፣ ሐኪሞች በደም ምርመራ የሚከታተሉት፣ ኩላሊት ማጣራት ያለበት ክሪያቲኒን የሚባል ቆሻሻ በግልጽ ከፍ የሚለው ደግሞ ሦስት አራተኛው ያህል ሲጎዳ ነው። ድመትም በባሕርይዋ ሕመሟን ትደብቃለች። ምግብ እምቢ ማለቷ፣ አልጋ ሥር መግባቷ፣ ማስመለሷ፣ አፏ የቆየ ሽንት የመሰለ ጠረን ማምጣቱና ሰውነቷ መቀዝቀዙ ሁሉ ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ የሚታዩ ምልክቶች ናቸው። ሽንቷም በአንዳንዷ ጨርሶ ይቆማል፣ በአንዳንዷ ደግሞ እንደ ውሃ ቀጥኖ ይበዛል፤ ስለዚህ «ስትሸና አይቻታለሁ» ማለት ኩላሊቷ ደኅና ነው ማለት አይደለም።

የእኔዋ ሻሼ ትባል ነበር፤ ሦስት ኪሎ የማትሞላ፣ ድሬዳዋ፣ ከዚራ በሚባለው ሰፈር ባለው ግቢያችን ከኒሙ ዛፍ ወደ ጣሪያ፣ ከጣሪያ ወደ አጥር ስትዘል የምትውል ነበረች። ድሬዳዋ ከ35 ዲግሪ በላይ በምትግልበት በግንቦት አንድ ቀን ከአጥሩ ወድቃ ማነከስ ጀመረች፤ ቀኑን ሙሉ አልበላችም፣ ውሃም እምብዛም አልጠጣችም። ማታ፣ አባቴ ለወገቡ ከሚወስደው ባለ 50 ሚሊግራም ዲክሎፌናክ ግማሹን በማንኪያ አድቅቄ በወተት ሰጠኋት። ጠጣችው፤ እንዲያውም ማንኪያውን ሳይቀር ላሰችው።

እዚህ ላይ ስሌቱን ላስቀምጥ። ስድሳ ኪሎ የሚመዝን ሰው አንድ ሙሉ ክኒን ሲውጥ ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ1 ሚሊግራም ያነሰ ይደርሰዋል፤ ሦስት ኪሎ የምትመዝን ድመት ግማሹን ስትወስድ ግን በኪሎ ከ8 ሚሊግራም በላይ ነው፣ ይህም የሰውየውን አሥር እጥፍ መሆኑ ነው። «ግማሽ» የሚለው ቃል ነው ያታለለኝ። የድመት ጉበት ደግሞ ብዙ መድኃኒቶችን አክሽፎ የሚያስወጣበት አንዱ ዋና መንገድ ደካማ በመሆኑ፣ ለሰው በሰዓታት የሚወጣ መድኃኒት በእሷ ሰውነት ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ከዚህ የከፋው ግን ከጥማቱ ጋር መገጣጠሙ ነው። የሰውነት ፈሳሽ ሲያንስ፣ ኩላሊት ደም የሚያስገባበትን ቧንቧ እንዳይጠብ አድርጎ የሚይዘው ፕሮስታግላንዲን በሚባል ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ሕመም የሚያስታግሡት ይህንኑ ንጥረ ነገር እንዳይመረት በመከልከል ነው። ቧንቧው ይጠባል፣ የኩላሊቱ ሕዋሳት ደም ያጣሉ፣ ይሞታሉም።

መንስኤው ይህ ብቻ አይደለም። ለመኪና ራዲያተር የሚጨመረው ኩላንት ኤቲሊን ግላይኮል ካለበት ጣዕሙ ጣፋጭ ስለሆነ ጋራዥ ደጃፍ የፈሰሰውን እንስሳት ይልሱታል፤ ለድመት አንድ ማንኪያ እንኳ ገዳይ ነው። በእኛ ከተማ በየድግሱ የሚቀርበው ዘቢብ ያለበት ሩዝ ለሰው ጥሩ ምግብ ቢሆንም፣ ትራፊው ለውሻ መጣል የለበትም፤ ወይንና ዘቢብ የአንዳንድ ውሾችን ኩላሊት ያቆማሉ። በአይጥ ሽንት የሚተላለፈው ሌፕቶስፓይሮሲስም ውሾችን በዚሁ መንገድ ይገድላል። ወንድ ድመት ደግሞ የሽንት ቧንቧው ሊደፈን ስለሚችል፣ እያማጠ ሽንት ካልወጣው ማደር አያስፈልግም፣ በዚያው ሰዓት ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።

ሻሼን በሦስተኛው ቀን ሐኪም ዘንድ ስወስዳት ግሉኮስ ተሰቀለላት። ሕክምናው በዋናነት ይኸው ነው፦ ፈሳሽ እየሰጡ፣ ማስመለሱን እያስታገሡ፣ ኩላሊቱ ራሱን እንዲጠግን ጊዜ መግዛት። ቶሎ ከተደረሰ የሚያገግሙ አሉ። ሽንት ጨርሶ ከቆመ ግን የሚሰጠው ፈሳሽ መውጫ ስለሌለው ሳንባ ላይ ያርፋል፤ ለሰው የሚደረገው የኩላሊት እጥበት ለእንስሳት የሚገኘው በዓለም ላይ በጥቂት ቦታዎች ብቻ ነው። ሌሊቱን ሞተች።

ከላይ ያልኩት የኩላሊት አሠራር «ለምን አላየሁም?» የሚለውን ጥያቄ ይመልሳል፤ «ለምን ሰጠኋት?» የሚለውን አይመልስም። የሰጠችው እጅ የእኔ ናት። ሁለቱን ጸጸቶች ለይቶ ማየት ግን ጠቅሞኛል፤ ያለበለዚያ ሰው ላላወቀውም ላደረገውም አንድ ላይ ሲከሰስ ይውላል።

ሌላው የከበደኝ ነገር ቃል ማጣት ነው። ሰው ሲሞት «ነፍስ ይማር»፣ «እግዜር ያጽናሽ» ይባላል፤ ዕድር ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ሰልስት አለ። ከብት ሲሞት ወይም ንብረት ሲጠፋ ደግሞ «ምትኩን ይስጥህ» እንላለን። ድመት ከሁለቱም አትገባም። አሜሪካዊው የሐዘን ተመራማሪ ኬኔት ዶካ በ1989 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ፣ ማኅበረሰብ በይፋ የማያውቀውና ደራሽ የሌለው ሐዘን ራሱን የቻለ ስም እንደሚያስፈልገው አሳይቷል፤ የቤት እንስሳ ሐዘንም ዛሬ ከዚሁ ይመደባል። እኔ ሥራ ቦታ ዓይኔ አብጦ ስገባ «አቦ ተይ፣ ድመት ናት እኮ!» የተባልኩት በክፋት አልነበረም፤ ለተናጋሪዋ የሚሆን ሌላ ቃል ስላልነበራት ነው።

ጎረቤታችን እናት ግን ቡና ጠርተውኝ፣ አጠገባቸው አስቀምጠው፣ ስለ ሻሼ እስክጨርስ ሰሙኝና «አላህ ምትኩን ይስጥሽ ልጄ» አሉኝ። በሦስተኛው ሳምንት በዘንቢል አንዲት ግልገል ድመት ይዘው መጡ። ተቀበልኳቸው። ሻሼ ትተኛበት የነበረውን ጆንያ ግን አጥፌ አስቀመጥኩት፤ ለትንሿ ሌላ አነጠፍኩላት።