ሰው አልባ የወንዝ መሻገሪያ፦ የአሜሪካ ጦር ለአነስተኛ ድርጅቶች የሚሰጠው የምርምር ገንዘብ

ግንቦት 2022 (ቀኖቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የሩሲያ ጦር ዩክሬን ውስጥ ቢሎሆሪቭካ አጠገብ ሲቨርስኪ ዶኔትስ የተባለውን ወንዝ በፖንቶን (ተንሳፋፊ) ድልድይ ለመሻገር ሲሞክር በመድፍ ተደብድቦ በርካታ ታንክና ብረት ለበስ ወንዙ ዳር ጥሎ ቀረ። ድልድይ በሚዘረጋበት ቦታ ተሽከርካሪ ይሰለፋል፣ የጀልባ ሞተር ይጮሃል፤ መድፈኛው ኢላማ ፍለጋ አይቸገርም። የአሜሪካ ጦር ውሃው ላይ የሚቆመውን የመሐንዲስ ወታደር ቁጥር ለመቀነስ፣ ጀልባውንና ፖንቶኑን ራሳቸውን ችለው እንዲሠሩ የሚያደርግ ቴክኖሎጂ የሚፈልገው ለዚህ ነው። ከገንዘቡ ምንጮች አንዱ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ኤስቢአይአር የሚባለው የአነስተኛ ድርጅቶች የፈጠራ ምርምር ፕሮግራም ነው።

ጦሩ የሚጠቀምበት ተንሳፋፊ ድልድይ የተሻሻለው ሪበን ድልድይ ይባላል። አንዱ ክፍል ታጥፎ በከባድ መኪና ይመጣል፤ ውሃ ውስጥ ሲለቀቅ ራሱ ይዘረጋል። የመሃል ክፍሉ ርዝመት 6.7 ሜትር ያህል ነው። አንድ የድልድይ ሻምበል 30 የመሃልና 12 የመዳረሻ ክፍሎች ሲኖሩት፣ በእነዚህ 210 ሜትር ገደማ ወንዝ መሸፈን ይችላል። ክፍሎቹን የሚገፉት የቢርደን ኩባንያ ሥሪት የሆኑ፣ በሁለት የውሃ ጄት (ውሃ ስቦ ወደ ኋላ በሚረጭ መግፊያ) የሚነዱ ኤም 30 ጀልባዎች ናቸው። መሪውን የሚይዘውም፣ ፖንቶኑ ላይ ቆሞ መጋጠሚያውን የሚቆልፈውም ወታደር ነው። ጥቂት ክፍሎች ብቻ ሲጋጠሙ ደግሞ ታንክ ጭኖ የሚመላለስ ታንኳ ይሆናሉ፤ ለመጀመሪያ የራስ ገዝ ሙከራ ከሙሉው ድልድይ ይልቅ ይህ ይቀላል።

ጀልባ ያለ ነጂ ከነጥብ ወደ ነጥብ መውሰድ ዛሬ ብዙ ድርጅት የሚችለው ሥራ ነው። አስቸጋሪው በወራጅ ውሃ ላይ መቆም ነው። የውሃው ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ፖንቶኑ ላይ የሚያርፈው ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል። ከ60 ቶን በላይ የሚመዝን አብራምስ ታንክ ከዳርቻው ወደ ታንኳው ሲወጣ ደግሞ የታንኳው ጫፍ ይሰምጣል፤ ጀልባዎቹ የሚገፉት ክብደት በሰከንዶች ውስጥ ይለወጣል። ቀድሞ በተለካ አንድ ክብደት ብቻ የተስተካከለ ሶፍትዌር እዚህ ላይ ይወዛወዛል። ሁለት ጀልባ አንድ ታንኳ ሲገፉ የአንዱ ትእዛዝ ትንሽ ከዘገየ ጠቅላላው ይሽከረከራል። ስለዚህ ማን ስንት ይግፋ የሚለው ስሌት አንድ ቦታ ተሠርቶ ለሁለቱም መከፋፈል አለበት፤ በመካከሉ ሬዲዮ ቢቋረጥ እያንዳንዱ ጀልባ ምን እንደሚያደርግም አስቀድሞ መወሰን አለበት።

የመለኪያ መሣሪያዎቹም የየራሳቸው ችግር አለባቸው። ጂፒኤስ በጦር ሜዳ ይታፈናል፤ ባይታፈንም ታንኳው ላይ የቆመ ታንክ ሰማዩን ይጋርደዋል፣ ብረቱም ኮምፓስን ያሳስታል። የሌዘር መለኪያ ጨረር ለስላሳ ውሃ ላይ ሲያርፍ አብዛኛው ወደ መሣሪያው አይመለስም፤ ስለዚህ ጥልቀትና የወንዝ ወለል በሶናር (በድምፅ ሞገድ) ይለካሉ። ሣር፣ ግንድና አሸዋ ደግሞ የጄቱን መሳቢያ ይደፍናሉ። ሰው ነጂ በሞተሩ ድምፅ ያውቀዋል፤ ኮምፒውተሩ የሞተር ዙርንና የተገኘውን ግፊት እያነጻጸረ እንዲያውቅ መሠራት አለበት። ከወንዝ ጋር የሠራ ገምጋሚ ይህን ሊጠይቅ ይችላል።

ኤስቢአይአር በ1982 በወጣ ሕግ የተቋቋመ ነው። ከራሱ ውጭ ላሉ ተመራማሪዎች የሚሰጠው የምርምር በጀት ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሆነ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ቢያንስ 3.2 በመቶውን ለዚህ ይመድባል። አመልካቹ ለትርፍ የቆመና ከ500 ያልበለጠ ሠራተኛ ያለው መሆን አለበት፤ ከግማሽ በላይ ባለቤትነቱም የአሜሪካ ዜጎች ወይም ግሪን ካርድ ያላቸው ሰዎች መሆን አለበት። እዚያ የሚኖር ግሪን ካርድ ያለው ኢትዮጵያዊ መሐንዲስም በዚሁ መንገድ መግባት ይችላል። ሆኖም ሥራው በጦር መሣሪያ ወጪ ንግድ ሕግ ሥር ሊወድቅ ስለሚችል፣ በሥራው የሚሳተፍ የውጭ ዜጋ ሁሉ በማመልከቻው ላይ መገለጽ አለበት።

ፕሮግራሙ ሦስት ደረጃዎች አሉት። ደረጃ 1 አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ወርና እስከ 250,000 ዶላር ነው፤ ሐሳቡ እንደሚሠራ በስሌትና በኮምፒውተር ሲሙሌሽን ይታያል። ደረጃ 2 ሁለት ዓመት ገደማና እስከ 2 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፣ ውሃ ላይ የሚፈተን ናሙና ይጠበቃል። በደረጃ 1 ከሥራው ሁለት ሦስተኛውን፣ በደረጃ 2 ግማሹን ድርጅቱ ራሱ መሥራት ግዴታው ነው፤ ዋናው ተመራማሪም ከሥራ ጊዜው ከግማሽ በላይ በድርጅቱ መቀጠር አለበት። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሙሉ ጊዜ የሚያስተምር ሰው በዋና ተመራማሪነት የሚቀርብበት ማመልከቻ በዚህ ይወድቃል።

ወረቀቱ የሚጀመረው ሳም በሚባለው የመንግሥት አቅራቢዎች መዝገብ ነው፤ ሳምንታት ሊፈጅ ስለሚችል ጥሪ እስኪወጣ መጠበቅ አይገባም። ጥሪው ከታተመ በኋላ ማመልከቻ መቀበል እስኪጀመር ባሉት ቀናት ጥሪውን የጻፈውን ባለሙያ በቀጥታ ማነጋገር ይፈቀዳል። የትኛው የጀልባ ሞዴል እንደታሰበ፣ ከመሪው ኮምፒውተር ጋር መገናኘት ይቻል እንደሆነ መጠየቂያው ጊዜ ይህ ነው። የጀልባው አምራች ሌላ ኩባንያ ስለሆነ፣ ትእዛዝ የሚገባበትን መስመር ከእሱ ሳያገኙ ደረጃ 2ን መጀመር ገንዘቡን ጀልባ ፈትቶ ለማጥናት ማዋል ነው።

ደረጃ 3 ከፕሮግራሙ የሚወጣ ገንዘብ የለውም። ጦሩ ያለ ተጨማሪ ጨረታ ለዚያው ድርጅት ውል መስጠት ይችላል እንጂ በጀቱን ሌላ ክፍል መያዝ አለበት። የጦሩ በጀት ከዓመታት በፊት ስለሚታቀድ፣ ናሙናው ተፈትኖ ባለፈ ጊዜ ለመግዣ የተያዘ ገንዘብ ላይኖር ይችላል፤ ብዙ ጥሩ ሥራ የሚቆመው እዚህ ነው። ለድርጅቱ በዚህ መሃል የሚቀረው ትልቁ ሀብት መብቱ ነው፤ የሠራውን ሶፍትዌርና የቴክኒክ መረጃ መንግሥት ለ20 ዓመት ለተፎካካሪ አሳልፎ መስጠት አይችልም። ጥበቃው የሚጸናው ግን በተገቢው ማስጠንቀቂያ ምልክት በተደረገበት ሰነድ ላይ ነው።