አድራሻው «ሲያትል» ስለሚል ብቻ ሲያትል አይደለም፦ ስለ ከተማ የሥራ ደንቦች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በሬይኒየር አቬኑ ከኮሎምቢያ ሲቲ ተነስቶ ወደ ደቡብ የሚነዳ ሰው መንገድ ሳይቀይር ሲያትልን ይጨርሳል፤ በየትኛውም ከተማ ያልታቀፈውን የኪንግ ካውንቲ መሬት ያቋርጣል፤ ከዚያ ሬንተን ይገባል። ሦስቱም የየራሳቸው ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ አላቸው። በዚህ አካባቢ ሬስቶራንት የከፈቱ፣ ሕንፃ የሚያጸዱ፣ ልጅ የሚጠብቁና ታክሲ የሚነዱ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። ስለ ደንቡ የሚያውቁት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከጓደኛ የሰሙትን ነው። በወሬ የተሠራ ደመወዝ ቀጣሪውንም ሠራተኛውንም ስለሚጎዳ፣ ደጋግመው የሚነገሩትን ስህተቶች አንድ በአንድ እናርማቸው።

«ደብዳቤ የሚመጣልኝ በሲያትል አድራሻ ነው፤ ስለዚህ የሲያትል ደንብ ይመለከተኛል»

የፖስታ አድራሻ የከተማ ወሰን አይደለም። ስካይዌይና ኋይት ሴንተር ውስጥ ያሉ ብዙ ቤቶች በፖስታ «ሲያትል» ይባላሉ፤ ቦታው ግን በካውንቲው ሥር ነው። በ98168 እና በ98188 ዚፕ ኮዶች ውስጥ ደግሞ ታክዊላና ሲታክ አሉ፤ እነሱም የራሳቸው ደንብ ያላቸው ከተሞች ናቸው።

የ2026ን ቁጥሮች እንይ። የዋሽንግተን ስቴት ዝቅተኛ ክፍያ በሰዓት 17.13 ዶላር፣ የሲያትል 21.30፣ የታክዊላ 21.65 ነው። ከሲያትል ወጥቼ ታክዊላ ብከፍት ይረክስልኛል ብሎ ያሰላ ሰው ተሳስቷል ማለት ነው፤ ታክዊላ ነፃ የሚያደርገው ከ15 ያነሱ ሠራተኞች ያሉትንና ዓመታዊ ገቢው ከ2 ሚሊዮን ዶላር በታች የሆነውን ቀጣሪ ብቻ ነው። ሲታክ ደግሞ 20.74 ዶላር ቢሆንም ሁሉንም አይሸፍንም። በ2013 መራጮች በ77 ድምፅ ብልጫ ያጸደቁት ደንብ የሚመለከተው በኤርፖርቱና በዙሪያው ያሉ የመስተንግዶና የትራንስፖርት ሠራተኞችን ነው። እዚያው ሲታክ ውስጥ ያለ ተራ ሱቅ የሚከተለው የስቴቱን ክፍያ ነው።

በአንድ ሠራተኛ ላይ ሁለት ሕጎች ሲገናኙ የሚከፈለው ከፍተኛው ነው። በሲያትልና በስቴቱ መካከል ያለው ልዩነት በሰዓት 4.17 ዶላር ነው፤ በሳምንት 40 ሰዓት ለሚሠራ ሰው 166.80 ዶላር ይሆናል። የንግድ ቤት ኪራይ ውል ከመፈረም በፊት የኪንግ ካውንቲን የመሬት ካርታ በኢንተርኔት ከፍቶ አድራሻውን ማስገባት ነው፤ ቦታው በየትኛው አስተዳደር ሥር እንዳለ በግልጽ ይጽፋል።

«ድርጅቴ ያለው ኬንት ነው፤ የሲያትል ደንብ ምኔም አይደለም»

ደንቡ የሚከተለው ሠራተኛው ቆሞ የሚሠራበትን መሬት ነው። ቢሮው ኬንት የሆነ የጽዳት ድርጅት ሠራተኛውን ወደ ሲያትል ቢልክና ሠራተኛው በሁለት ሳምንት ውስጥ ሲያትል ላይ ከ2 ሰዓት በላይ ቢሠራ፣ የሲያትል ሰዓቶቹ በሲያትል ዋጋ ይከፈላሉ። እዚህ ላይ ችግሩ የሚፈጠረው አብዛኛውን ጊዜ በክፋት አይደለም፤ የደመወዝ ሶፍትዌሩ ሁሉንም ሰዓት በቢሮው አድራሻ ስለሚያሰላ ነው። መፍትሔው የሰዓት መመዝገቢያው ላይ «የት» የሚል ዓምድ መጨመር ነው። ሠራተኛውም የሄደበትን ሕንፃ አድራሻና የገባበትንና የወጣበትን ሰዓት በየቀኑ ስልኩ ላይ ይጻፍ።

«ትንሽ ሬስቶራንት ስለሆንኩ ቲፑ ከደመወዙ ይታሰብልኛል»

ይህ ለዓመታት እውነት ነበር፤ አሁን ግን አይደለም። በ2014 የጸደቀውና ከኤፕሪል 1 ቀን 2015 ጀምሮ የሠራው የሲያትል ደንብ፣ 500 እና ከዚያ በታች ሠራተኞች ላሏቸው ቀጣሪዎች የአሥር ዓመት መሸጋገሪያ ሰጥቶ ነበር። በመጨረሻው ዓመት በ2024 ትንሽ ቀጣሪ 17.25 ዶላር ከፍሎ፣ ቀሪው 2.72 በቲፕ ወይም በጤና ኢንሹራንስ ከተሞላ 19.97 እንደከፈለ ይቆጠርለት ነበር። ጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ያ መንገድ ተዘጋና ክፍያው ለትንሹም ለትልቁም 20.76 ዶላር ሆነ። ቲፕ አሁን ሙሉ በሙሉ ከደመወዙ በላይ ነው።

የባለቤቶቹንም ጭንቀት ማሳነስ አይገባም። አራት አስተናጋጆች እያንዳንዳቸው በሳምንት 30 ሰዓት ቢሠሩ 120 ሰዓት ነው። ክፍያው በአንድ ሌሊት ከ17.25 ወደ 20.76 ሲዘል ጭማሪው በሰዓት 3.51 ዶላር፣ በሳምንት 421.20 ዶላር ይሆናል፤ በዚያ ላይ የቀጣሪው ታክስ አለ። እንጀራና ሽሮ ሸጦ ይህን መሸፈን ቀላል አይደለም፤ ሜኑ ላይ ዋጋ መጨመር፣ ቀዝቃዛ ሰዓቶችን መዝጋት ወይም ሰርቪስ ቻርጅ (በደንበኛው ሂሳብ ላይ የሚጨመር የአገልግሎት ክፍያ) ማስገባት ይጠይቃል።

ሰርቪስ ቻርጅ የመረጠ ሰው አንድ ነገር ይጠንቀቅ። ከተሰበሰበው ውስጥ ለአስተናጋጁ የሚደርሰው ስንት ፐርሰንት እንደሆነ ሜኑውም ደረሰኙም ላይ መጻፍ አለበት። «20 ፐርሰንት ሰርቪስ ቻርጅ ይጨመራል» ብሎ ዝም ማለት ዋጋ ያስከፍላል፤ ድርሻው ካልተገለጸ ገንዘቡ በሙሉ የአስተናጋጆቹ ሆኖ ሊወሰን ይችላል። ከቲፕ ሳጥን ደግሞ ባለቤትም ሆነ ማናጀር ድርሻ አይወስድም።

«ሥራውን እስኪለምድ ሁለት ቀን በነፃ ይሞክር»

ሥልጠና ሥራ ነው። ትሪ ያነሳ፣ ሜኑ ያጠና፣ ከሌላ አስተናጋጅ ኋላ እየሄደ ያየ ሁሉ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ሙሉውን ዝቅተኛ ክፍያ ያገኛል፤ ባይቀጠርም እንኳ። ከዝቅተኛው 85 ፐርሰንቱን መክፈል የሚቻለው ዕድሜያቸው ከ16 በታች ለሆኑ ታዳጊዎች ነው።

«የሕመም ፈቃድ ያለው ሙሉ ጊዜ ለሚሠራ፣ ያውም ትልቅ ድርጅት ውስጥ ነው»

በሲያትል አንድ ሠራተኛ ያለውም ቀጣሪ ይሰጣል፤ በሳምንት አንድ ቀን የሚሠራም ያገኛል። ድርጅቱ የሁሉም ሰዓት ተደምሮ በሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ሲሰላ ከ250 ያነሱ ሠራተኞች ካሉት በየ40 ሰዓቱ 1 ሰዓት፣ 250 እና ከዚያ በላይ ካሉት በየ30 ሰዓቱ 1 ሰዓት ይጠራቀማል። በሳምንት 30 ሰዓት የሚሠራ ሰው በዓመት 1,560 ሰዓት ይሠራል፤ ለ40 ሲካፈል 39 የተከፈለ ሰዓት ነው። ከ50 ያነሱ ሠራተኞች ባሉበት እስከ 40 ሰዓት ወደ ቀጣዩ ዓመት ይሻገራል። መጠቀም የሚጀመረው ሥራ ከተጀመረ በ90ኛው ቀን ነው።

በእኛ ሰዎች ቤት በብዛት የሚጣሰው ሌላው ነው፦ «ታመሃል? እሺ፣ ግን ተተኪ ፈልገህ አምጣ።» ይህ ክልክል ነው፤ ተተኪ መፈለግ የቀጣሪው ኃላፊነት ነው። የሐኪም ወረቀትም መጠየቅ የሚቻለው ተከታትሎ ከሦስት ቀን በላይ ለቀረ ሰው ነው። ፈቃዱ የታመመ ልጅን ወይም እናትን ለማስታመምም ያገለግላል። የቀረው ሰዓት ስንት እንደሆነ በየደመወዙ ለሠራተኛው መነገር አለበት።

«በካሽ ከከፈልኩ፣ ወይም ኮንትራክተር ነኝ ብሎ ከፈረመ፣ ወረቀት አያስፈልግም»

በካሽ መክፈል በራሱ ወንጀል አይደለም፤ ያለ ፔይ ስተብ (የደመወዝ ዝርዝር ወረቀት) መክፈል ግን ጥሰት ነው። ወረቀቱ ላይ የተሠራው ሰዓት፣ የሰዓት ዋጋው፣ ቲፑ፣ ሰርቪስ ቻርጁና የተቆረጠው ሁሉ መታየት አለበት፤ ቀጣሪውም መዝገቡን 3 ዓመት ያስቀምጣል። መዝገብ የሌለው ቀጣሪ ክርክር ሲነሳ ከባድ ሸክም ይወድቅበታል፦ ጥሰት እንዳለ ተቆጥሮ እንዳልነበረ የማስረዳቱ ግዴታ ወደ እሱ ይዞራል። በታማኝነት በካሽ ሲከፍሉ የኖሩ ባለቤቶች የሚጎዱት እዚህ ላይ ነው።

ኮንትራክተር መሆን በፊርማ አይወሰንም። ሰዓቱን የሚወስነው፣ ዕቃውን የሚያቀርበውና ዋጋውን የሚተምነው ባለቤቱ ከሆነ፣ ሰውየው 1099 (ለኮንትራክተር የሚሰጠው የታክስ ቅጽ) ቢሰጠውም ተቀጣሪ ነው። በ1099 የሚሠራ ሰው ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር 15.3 ፐርሰንቱን ብቻውን ይሸከማል፤ ተቀጣሪ ቢሆን ድርሻው 7.65 ነበር።

ቤት ውስጥ ለሚሠሩ ደግሞ የተለየ የሲያትል ደንብ አለ። ከጁላይ 1 ቀን 2019 ጀምሮ ሞግዚት ወይም የቤት ጽዳት ሠራተኛ በቋሚነት የሚያሠራ ቤተሰብ፣ ሠራተኛዋ ኮንትራክተር ተባለችም አልተባለች፣ ዝቅተኛውን ክፍያና የእረፍት ጊዜዋን ይሰጣል። ፓስፖርቷን ወይም ሌላ ዋና ሰነዷን ይዞ ማቆየት አይችልም።

«የሥራ ሰዓት ፕሮግራሜ ከ14 ቀን በፊት ሊሰጠኝ ይገባል»

ይህን የሲያትል ሕግ ብዙ ሠራተኛ የሁሉም ይመስለዋል። የሚመለከተው በዓለም ዙሪያ 500 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሏቸውን የችርቻሮና የምግብ ድርጅቶች ነው፤ አስተናጋጅ ያለው ሬስቶራንት ከሆነ 40 ቅርንጫፎችም ሊኖሩት ይገባል። የሠፈር ሬስቶራንት ውስጥ አይሠራም።

«ሲያትል ውስጥ ኡበር ስለምነዳ የሚጠብቀኝ የከተማው ደንብ ነው»

ሰው ሲጭኑ ከ2023 ጀምሮ የሚገዛው የስቴቱ ሕግ ነው፤ አቤቱታውም ወደ ስቴቱ የሥራና ኢንዱስትሪ መሥሪያ ቤት ይሄዳል። እዚያው ቀን አፕ ቀይረው ምግብ ሲያደርሱ ግን ከጃንዋሪ 2024 ወዲህ የሚሠራው የከተማው የክፍያ ደንብ ይመጣል። አንድ መኪና፣ አንድ ሾፌር፣ ሁለት ሕግ። የጉዞዎቹን መዝገብ ለየብቻ ማስቀመጥ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

«የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ሰው አቤት ማለት አይችልም»

ይችላል። ደንቦቹ የኢሚግሬሽን ሁኔታን አይለዩም፤ የከተማው የሥራ ደረጃዎች ጽሕፈት ቤትም አይጠይቅም፤ አስተርጓሚም ያቀርባል። «ኢሚግሬሽን እጠራብሃለሁ» ብሎ ማስፈራራት ራሱን የቻለ ጥሰት ነው። ሠራተኛው መብቱን ከጠየቀ በ90 ቀን ውስጥ ቢባረር ወይም ሰዓቱ ቢቀነስ፣ ቀጣሪው ሌላ ምክንያት እስካላስረዳ ድረስ በቀል እንደሆነ ይገመታል። ጥሰቱ ከተረጋገጠ ያልተከፈለው ገንዘብ ከ12 ፐርሰንት ዓመታዊ ወለድ ጋር ይመለሳል፤ በዚያ ላይ የዚያን እስከ እጥፍ የሚደርስ ካሳ ሊጨመር ይችላል።

የጊዜ ገደቡ 3 ዓመት ነው። ወደ ጽሕፈት ቤቱ የሚሄድ ሰው ያሉትን ፔይ ስተቦች፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ፕሮግራም ፎቶ፣ ከአለቃው ጋር የተላላከውን የስልክ መልእክትና የራሱን የሰዓት ማስታወሻ ይዞ ይሂድ። ፔይ ስተብ ተሰጥቶት የማያውቅም ቢሆን አይቅር፤ በእጁ የጻፈው ማስታወሻ እንደ ማስረጃ ይታይለታል።