የፊት ኢምፕላንት ቀዶ ሕክምና፦ ከውሳኔው እስከ ማገገሙ

አገጭን፣ ጉንጭን ወይም የመንጋጋን ማዕዘን ጎላ ለማድረግ ሰው ሠራሽ ቅርጽ ከአጥንት ላይ የማስቀመጥ ሕክምና የፊት ኢምፕላንት ቀዶ ሕክምና ይባላል። በብዛት የሚሠራው አገጭ ላይ ነው። ሐኪሙ ከአገጭ ሥር ወይም በአፍ ውስጥ በታችኛው ከንፈርና በድድ መካከል ይቀድና ኢምፕላንቱ የሚገባበትን ኪስ አጥንቱ ላይ ያዘጋጃል። አገጭ ብቻ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይዘልቅም። የሥራው ማጠር ግን ጉዳዩን ቀላል አያደርገውም።

ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየው ቁስ ጠጣር ሲሊኮን ነው። ሰውነት በቀጭን ሽፋን ይከበዋል እንጂ ከሥጋ ጋር ስለማይዋሃድ፣ ያልተስማማው ሰው በቀላሉ ሊያስወጣው ይችላል። ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው ፖሊኤቲሊን የተባለ ፕላስቲክ ደግሞ ሥጋ ዘልቆ ስለሚገባበት ከቦታው አይንሸራተትም፤ ማውጣቱ ግን አድካሚ ነው። በሲቲ ስካን ተለክተው ለአንድ ሰው ብቻ የሚሠሩ፣ በቲታኒየም ብሎን የሚታሰሩም አሉ። ሐኪም ስለ ዓይነታቸው ሲያስረዳ፣ የሚጠቅመው ጥያቄ «ቢያስፈልግ እንዴት ይወጣል?» የሚለው ነው።

ከዚያ በፊት ግን ችግሩ በእርግጥ አገጩ መሆኑ ይጣራ። የታችኛው መንጋጋ ወደ ኋላ ስለቀረ ጥርሶቹ የማይገጥሙ ሰው ኢምፕላንት ቢያስገባ ጉድለቱ ይሸፈናል እንጂ አይታረምም፤ ለእርሱ የሚበጀው መንጋጋውን የሚያስተካክል ቀዶ ሕክምና ሊሆን ይችላል። ጥርሱ ለሚገጥምም ቢሆን የራሱን የአገጭ አጥንት ቆርጦ ወደፊት በማምጣት ማሰር ሌላ አማራጭ ነው። የስልክ ካሜራም ያሳስታል። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ የወጣ ጥናት፣ ከ30 ሳንቲ ሜትር ገደማ የተነሳ ፎቶ አፍንጫን በ30 በመቶ ያህል አስፍቶ እንደሚያሳይ በስሌት አመልክቷል፤ በ1.5 ሜትር ርቀት ላይ መዛባቱ እምብዛም የለም። ሌሎች የማያዩት ጉድለት ቀንና ሌሊት ዕረፍት የሚነሳው ሰው ደግሞ ከቢላዋ በፊት የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያስፈልገዋል፤ እንዲህ ያለው ታካሚ ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ብዙውን ጊዜ እርካታ አያገኝም።

ማን እንደሚሠራው ማወቅ ከዋጋው በላይ ይመዝናል። በደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ2016 የመንጋጋ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ወጣት ብዙ ደም ፈስሶት ሞተ። እናቱ የክሊኒኩን የካሜራ ቅጂ ደጋግመው ሲመረምሩ፣ ሐኪሙ ልጃቸውን ትቶ ወደ ሌላ ታካሚ መሄዱን ደረሱበት። የእርሳቸው ሙግት ባስነሳው ግፊት፣ ታካሚው ራሱን በማያውቅበት ቀዶ ሕክምና ክፍል ካሜራ እንዲተከል የሚያስገድድ ሕግ ከመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል።

ማገገም በእብጠት ይጀምራል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ፊት አብጦ፣ ቆዳው ተወጥሮ፣ አንዳንዴም ብልዙ ወደ አንገት ወርዶ ይታያል። ራስን ከፍ አድርጎ መተኛት፣ ሾርባና ገንፎን የመሰለ ለስላሳ ምግብ መመገብ፣ የተቀደደው በአፍ ውስጥ ከሆነ ከምግብ በኋላ ሁሉ መጉመጥመጥ ያስፈልጋል። ሲጋራ የቁስሉን መዳን ስለሚያዘገይ ከሳምንታት አስቀድሞ ይቆማል። የታችኛው ከንፈር ሊደነዝዝ ይችላል፤ ያን ጊዜ ሻይ ሲጠጡ በአገጭ መውረዱ አይታወቅም፣ ፈገግታም ሊጣመም ይችላል። ይህ በአብዛኛው በሳምንታት ወይም በወራት ይመለሳል፤ ነርቩ ከተጎዳ ግን ሊዘልቅ ይችላል።

ብዙዎች በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ ሥራ ይመለሳሉ። ጸጸት የሚበዛውም በዚያው ሰሞን ነው፦ መስተዋቱ የሚያሳየው ገና ያልጎደለ እብጠት ሆኖ ሳለ «በዛብኝ» ወይም «አንድ ወገን ከፍ ብሏል» ያሰኛል። ትክክለኛው ቅርጽ የሚለየው ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ እርማት የሚጠይቅ ሰው እስከዚያ እንዲቆይ ይመከራል። የማያስጠብቀው ምልክት ሌላ ነው፦ ጎድሎ የነበረ እብጠት በአንድ ወገን ተመልሶ ሲነሳ፣ ቆዳው ሲቀላና ሲሞቅ፣ መግል ሲወጣ ወይም ትኩሳት ሲኖር በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መድረስ ያሻል። ኢንፌክሽኑ በመድኃኒት ካልበረደ ኢምፕላንቱ ይወጣል፤ ሌላ የሚተካውም ቦታው ከዳነ ከወራት በኋላ ነው።