ስለ ዊልቸር፣ ክራንችና ከዘራ የሚባለውና እውነታው

ዊልቸር ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ሆስፒታል ኮሪደር ላይ የሚቆመው ወንበር ነው። ሰፊ፣ ከባድ፣ ከኋላው ሁለት እጀታ ያለው። ያ ወንበር የተሠራው ማንም ሰው ለትንሽ ጊዜ ተቀምጦበት ሌላ ሰው እንዲገፋው ነው። ለዚያ ሥራ ምንም አይወጣለትም። ግን ቀኑን ሙሉ ዊልቸር ላይ የሚውል ሰው የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው። ለራሱ ሰውነት የተለካ፣ ራሱ የሚያዝበት ነገር። ይህ ስላልገባን ብዙ የተሳሳተ ነገር እናወራለን። ዋና ዋናዎቹን እንያቸው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ዊልቸር ያው ዊልቸር ነው፤ ጎማ ካለው ይበቃል»

በጭራሽ! ዊልቸር እንደ ጫማ ነው፤ ልኩ ካልሆነ ያቆስላል። የዳሌ ስፋት ይለካል፣ የጭን ርዝመት ይለካል፣ ከጉልበት እስከ ተረከዝ ያለው ቁመት ይለካል፣ የጀርባ መደገፊያው ከፍታ ይታያል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ትልቁ የኋላ ጎማ የት ጋ እንደታሰረ ይታያል።

ይህችን የመጨረሻዋን ላብራራት፤ ለማያውቅ ሰው ዓይን ውስጥ አትገባምና። በተለመደው የሆስፒታል ወንበር ላይ የኋላ ጎማው የሚታሰረው ከጀርባ መደገፊያው ሥር ወይም ከዚያ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ ነው። እንዲህ ሲሆን ወንበሩ ወደ ኋላ አይገለበጥም። ግን ብዙ ክብደት ትንንሾቹ የፊት ጎማዎች ላይ ያርፋል። ትንሽ ጎማ ክብደት ሲበዛበት ጠጠር ያስቆመዋል፣ ስንጥቅ ውስጥ ይቀረቀራል፣ ለመግፋትም ይከብዳል።

ጥሩ ዊልቸር ላይ ግን የጎማው ቦታ ይቀየራል። ብሎኑን ፈታ አድርጎ ጎማውን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ማምጣት ብቻ ወንበሩን ሌላ ወንበር ያደርገዋል። ክብደቱ ወደ ትልቁ ጎማ ይሄዳል። መግፋት ይቀላል፤ መታጠፍም ይቀላል። የፊት ጎማዎቹን ትንሽ ብድግ አድርጎ ዝቅተኛ ጠርዝ መሻገርም ይቻላል። ከልክ በላይ ወደ ፊት ከመጣ ደግሞ ወደ ኋላ ይገለብጣል። ስለዚህ ቀስ በቀስ ነው የሚደረገው። ሰውየው እስኪለምደውም ከኋላ መገልበጥን የሚከላከሉ ትንንሽ ጎማዎች ይገጠማሉ።

የጎማው ከፍታ ልክ መሆኑን ለማወቅ ደግሞ ቀላል መንገድ አለ። ሰውየው ተቀምጦ እጁን የጎማው ጫፍ ላይ፣ ከላይ በኩል፣ ያሳርፍ። ክርኑ ላይ፣ በላይኛውና በታችኛው ክንድ መሐል፣ ያለው ማዕዘን ከ100 እስከ 120 ዲግሪ አካባቢ ከሆነ ጥሩ ነው። ማዕዘኑ ከዚያ ካነሰ፣ ማለትም ክርኑ ይበልጥ ከተጣጠፈ፣ በገፋ ቁጥር ትከሻውን ሽቅብ ያነሳል። ክንዱ ቀጥ ብሎ ከተዘረጋ ደግሞ ጎማውን ለመድረስ መጎንበስ አለበት። ይህን በቀን ስንት ጊዜ እንደሚደጋግመው አስቡት።

«ሰፋ ያለው ይመቻል፤ ልጅ ከሆነ ደግሞ ያድግበታል»

ወንበሩ ሲሰፋ ጎማዎቹ ከሰውነት ይርቃሉ። ክንድ ወደ ጎን ተከፍቶ ነው የሚገፋው። የተቀመጠው ሰውም መሐል ላይ አይረጋም፤ ወደ አንድ ወገን ያጋድላል። ልጅ ላይ ሲሆን የባሰ ነው፤ አከርካሪው ገና በማደግ ላይ እያለ አጋድሎ መቀመጥን ይለምዳል። ለማደጉ መፍትሔው ስፋቱና ርዝመቱ የሚስተካከል ፍሬም ነው። አለ፣ ይሠራል።

«አዲስ ነገር የሚፈጥሩት ሌሎች ናቸው፤ ተጠቃሚው የተሰጠውን ይቀበላል»

ይሄኛው ያናድደኛል፤ ታሪኩ የሚለው የተገላቢጦሹን ነዋ። እግሮቹ የማይንቀሳቀሱለት ሽቴፋን ፋርፍለር የሚባል ጀርመናዊ ሰዓት ሠሪ ነበር። በ1655፣ ገና በ22 ዓመቱ፣ በእጅ በሚዘወር እጀታ የሚሄድ ባለ ሦስት ጎማ ወንበር ለራሱ ሠራ። ሌላ ሰው ሳይገፋው የሚሄድ ዊልቸር ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠቀሰው እሱ ነው።

ዛሬ በየሆስፒታሉ የምናየው ታጣፊ ወንበርም ከዚሁ ዓይነት ሰው የመጣ ነው። ኸርበርት ኤቨረስት የማዕድን አደጋ ጀርባውን የሰበረው አሜሪካዊ መሐንዲስ ነበር። በ1933 ከጓደኛው ከሃሪ ጄኒንግስ ጋር ሆኖ ከመቀመጫው ሥር ሁለት ብረቶች የተጠላለፉበት፣ ታጥፎ መኪና ውስጥ የሚገባ ዊልቸር ሠራ። ከዚያ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት ዲዛይኑ እምብዛም አልተለወጠም።

ማሪሊን ሃሚልተን በ1978 ሰው ተንጠልጥሎበት ያለ ሞተር በሚበር ክንፍ (ሃንግ ግላይደር) ስትበር ወድቃ ህብለ ሰረሰሯ ተጎዳ። የተሰጣት ወንበር ከብዷት፣ እነዚያን ክንፎች ይሠሩ ለነበሩ ሁለት ጓደኞቿ «ከምትሠሩበት አሉሚኒየም ዊልቸር ሥሩልኝ» አለቻቸው። ክብደቱ ቀላል፣ በፍጥነት የሚዞር፣ ደማቅ ቀለም ያለው ወንበር ወጣ። ሦስቱ ሆነው ኩዊኪ በሚል ስም ለገበያ አቀረቡት። ስለ ቀለሙ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ሰው በየቀኑ አብሮት የሚውለው ነገር የሆስፒታል ዕቃ እንዳይመስል መፈለጉ ተገቢ ነው።

አራት ጎማና ፍሬን ያለውን ዎከርም (እየተደገፉ የሚራመዱበትን ፍሬም) ያወጣችው ስዊድናዊቷ አይና ቪፋልክ ናት፤ በ1978። ፖሊዮ ይዟት ስለነበር ምን እንደጎደለ ከማንም በላይ ታውቅ ነበር።

«ዘመናዊ ማለት ባትሪ ያለው ማለት ነው»

የኤሌክትሪክ ዊልቸር ትልቅ ነገር ነው። ካናዳዊው መሐንዲስ ጆርጅ ክላይን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እጃቸውም እግራቸውም የማይታዘዝላቸውን ወታደሮች እያነጋገረ ሲሠራው፣ እነዚያ ሰዎች ያለ ሰው እርዳታ ከክፍል ወደ ክፍል መሄድ ቻሉ። «ኤሌክትሪክ ያሰንፋል» የሚሉትም ትክክል አይደሉም። ትከሻ ለዓመታት ሙሉ የሰውነት ክብደት እንዲገፋ አልተፈጠረም፤ በእጅ የሚገፉ ብዙ ሰዎች ዓመታት ሲቆጠሩ ትከሻቸውን ይታመማሉ። ለነሱ በመደበኛው ወንበር ላይ የሚገጠም አጋዥ ሞተር አለ።

ግን ብልህ ዲዛይን ሁሉ ሽቦ የለውም። ኤም.አይ.ቲ. በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በኤሞስ ዊንተር መሪነት የተሠራውን ባለ ዘንግ ዊልቸር ውሰዱ። ጎማውን በመያዝ ፋንታ ሁለት ረጃጅም ዘንጎችን ወደ ፊት ትገፋላችሁ፤ ኃይሉ በብስክሌት ካቴና ወደ ጎማው ይሄዳል። ዳገት ወይም ጭቃ ሲመጣ ዘንጉን ከላይኛው ጫፍ ትይዙታላችሁ፤ ጉልበት ይጨምራል። ሜዳ ላይ ዝቅ አድርጋችሁ ትይዙታላችሁ፤ ፍጥነት ይጨምራል። ማርሹ የሚቀየረው እጅን ከፍና ዝቅ በማድረግ ብቻ ነው! ሲበላሽም የብስክሌት ጠጋኝ ይሠራዋል። ራሱ ዊልቸር የሚጠቀመው ራልፍ ሆችኪስም ለሸካራ መንገድ በዚሁ መንፈስ ነው የሠራው። የፊት ጎማዎቹን አሰፋቸው፣ ወደ ፊት አራቃቸው። ወንበሩ ድንጋይ ሲመታ በአፍጢሙ አይደፋም።

«ትራስ ትራስ ነው፤ ስፖንጅ ይበቃል»

ይሄ ሕይወት የሚያስከፍል ስህተት ነው። ስንቀመጥ ክብደታችን የሚያርፈው ሁለት ትንንሽ የመቀመጫ አጥንቶች ላይ ነው። ሌላው ሰው ሲያመው ሳያስበው አቀማመጡን ይቀያይራል። ህብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው ግን ላይሰማው ይችላል። ደም የማይደርሰው ሥጋ ከውስጥ ይሞትና ቁስሉ ይወጣል፤ ከተመረዘ ይገድላል።

በ1970ዎቹ ሮበርት ግሬብ የተባለ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ያመጣው የአየር ትራስ እርስ በርስ የተገናኙ ብዙ ትንንሽ የጎማ ከረጢቶች አሉት። ግፊት የበዛበት ከረጢት አየሩን ወደ ጎረቤቶቹ ይሰጣል። ግን ብዙ የተነፋ ይሻላል ብሎ መድረቅ አይገባም። ሰውየው ትራሱ ላይ እንደተቀመጠ እጅን ከሥር አስገብቶ የመቀመጫ አጥንቱን መፈለግ ነው። በአጥንቱና በትራሱ ወለል መሐል ከ1.5 እስከ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል አየር ከተረፈ ልኩ ነው። ትራስ ቢኖርም በየጊዜው መነሳት፣ መጎንበስ ወይም ማጋደል አይቀርም። ይህን ራሱ ማድረግ ለማይችል ሰው መቀመጫና መደገፊያው አንድ ላይ ወደ ኋላ የሚያዘነብል ወንበር አለ።

«ዊልቸር ላይ ከተቀመጠ መራመድ አይችልም»

ብዙዎች ይችላሉ። ጥቂት እርምጃ የሚሄዱ አሉ፤ ጠዋት ቆመው ከሰዓት በኋላ የሚደክሙ አሉ። ከወንበሩ ተነስቶ መደርደሪያ ላይ ዕቃ ያወረደ ሰው አታላይ አይደለም።

«ደረጃ የሚወጣ ዊልቸር መጥቷል፤ ራምፕ ምን ያደርጋል?»

ዲን ኬመን የፈጠረው አይቦት ጥንድ ጥንድ ጎማዎቹን አንዱን በአንዱ ላይ እያዞረ ደረጃ ይወጣል። አሜሪካ ውስጥ በ2003 ተፈቅዷል። ግን ውድ ስለነበር በ2009 ማምረቱ ቆመ፤ የተመለሰው ከዓመታት በኋላ ነው። ደረጃ ሲወጣም ሰውየው የደረጃውን እጀታ መያዝ ወይም ረዳት ማግኘት አለበት። ራምፕ፣ ማለትም በደረጃ ፋንታ የሚሠራው ዘንበል ያለ መወጣጫ፣ ግን ለሁሉም ነው፤ ለዎከሩም፣ ለሕፃን ጋሪውም። በትክክል ከተሠራ ማለቴ ነው። በሰፊው የሚሠራበት ልክ ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ነው። 50 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ 2 ሜትር ጣውላ ጣል ማድረግ ራምፕ አይባልም።

«ክራንች በብብት ነው፤ ከዘራ በታመመው እግር በኩል ነው»

ሁለቱም ስህተት ናቸው። ክብደቱን የሚሸከሙት እጆች ናቸው። በክራንቹ ጫፍና በብብት መሐል ሁለት ሦስት ጣት የሚያስገባ ክፍተት መኖር አለበት። ብብት ላይ ከተንጠለጠሉ ነርቭ ይጫንና እጅ ይደነዝዛል፣ አንዳንዴም አንጓው ይዝላል።

ከዘራ ደግሞ የሚያዘው በጤነኛው እግር በኩል ነው። ቀኝ እግር ከታመመ በግራ እጅ። የታመመው እግርና ከዘራው አብረው መሬት ይረግጣሉ፤ የታመመው ዳሌ ጫናው ይቀልለታል። ቁመቱን ለመለካት ጫማ አድርጎ ቀጥ ብሎ መቆም፣ እጅን ወደ ታች መልቀቅ። የከዘራው እጀታ የእጅ አንጓው መስመር ላይ ከደረሰ ልክ ነው። ሥሩ ያለው ላስቲክ ካለቀ ቶሎ ይቀየር፤ ያንሸራትታል። ደረጃ ሲወጡ ጤነኛው እግር ይቀድማል። ሲወርዱ ከዘራውና የታመመው እግር ይቀድማሉ።