የፍሎው ፓኬት መጠን፦ ስንት ባይት ይበቃል?

ራውተር በውስጡ የሚያልፈውን ትራፊክ ይመዘግባል። ማን ከማን ጋር ተገናኘ፣ በየትኛው ፖርት፣ ስንት ባይት አለፈ። እያንዳንዱ መዝገብ ፍሎው ይባላል። ራውተሩ ፍሎዎቹን አጠራቅሞ፣ በፓኬት ጠቅልሎ፣ ኮሌክተር ለሚባለው ሰርቨር ይልካል። ይህን አሠራር ኔትፍሎው ብሎ ያመጣው ሲስኮ ነው። አይፒፊክስ የሚባለው የጋራ ስታንዳርድም ከዚያው ተወለደ። አሁን የሚሠራበት ሰነድ፣ አርኤፍሲ 7011፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ወጣ።

በአንድ ፓኬት ስንት ፍሎው ይጫን? ይህን ቅንብር ብዙ ሰው ነክቶት አያውቅም። ግን ከኮሌክተሩ የምታዩት የትራፊክ ግራፍ እውነቱን መናገሩ የሚወሰነው በዚህ ቁጥር ጭምር ነው።

የኔትፍሎው ቨርዥን 5ን እንይ። ሄደሩ፣ ማለትም ከመረጃው ፊት የሚቀመጠው መግለጫ፣ 24 ባይት ነው። አንድ ፍሎው 48 ባይት ይወስዳል። በአንድ ፓኬት ቢበዛ 30 ፍሎው ይገባል። ድምሩ 1464 ይመጣል። ፓኬቱን የሚያጓጉዙት የዩዲፒ እና የአይፒ ፕሮቶኮሎች ሄደር፣ 8 እና 20 ባይት፣ ሲጨመርበት 1492 ይሆናል። የተለመደው የኢተርኔት ኤምቲዩ፣ ማለትም መስመሩ ሳይቆርጥ የሚያሳልፈው ትልቁ ፓኬት፣ ደግሞ 1500 ነው። የቀረው ትርፍ 8 ባይት ብቻ!

አሁን መሃል ላይ የጂአርኢ ታነል፣ ማለትም ፓኬትን በሌላ ፓኬት ውስጥ ጠቅልሎ የሚያሳልፍ መንገድ፣ አለ እንበል። ታነሉ ለራሱ 24 ባይት ይወስዳል። ለእኛ የሚተርፈው 1476 ነው። 1492 እዚያ ውስጥ አይገባም፤ ፓኬቱ ለሁለት ይቆረጣል። አትቁረጡኝ የሚል ምልክት ካለበት ደግሞ እዚያው ይጣላል።

መቆረጡ ብቻውን ባልከፋ። ግን ዩዲፒ የጠፋውን መልሶ አይልክም። ከሁለቱ ቁራጭ አንዱ ከጠፋ 30ውም ፍሎው አብሮ ይጠፋል። ከዚህ የባሰም አለ። የፖርት ቁጥሩ ያለው በመጀመሪያው ቁራጭ ላይ ብቻ ነው። አንዳንድ ፋየርዎል ሁለተኛውን ቁራጭ ሲያይ ፖርቱን ስለማያገኝ ይጥለዋል። ያኔ ችግሩ መልኩን ይቀይራል። ሌሊት ትራፊክ ሲቀንስ ፓኬቶቹ ሳይሞሉ ስለሚወጡ ያልፋሉ፣ ግራፉም ደህና ይመስላል። ቀን ሲጨናነቅ ፓኬቶቹ ሞልተው ይወጣሉ፣ የሞሉትም አይደርሱም። መረጃው የሚጎድለው በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት ነው። ስህተት መኖሩን የሚነግራችሁ የለም።

ታዲያ ስንት ይሁን? የኔትፍሎው ቨርዥን 9 እና አይፒፊክስ በ30 ፍሎው አይወሰኑም፤ መጠኑ እንደ መሣሪያው ይስተካከላል። አርኤፍሲ 7011 በዩዲፒ የሚላክ ፓኬት ከመንገዱ ኤምቲዩ እንዳይበልጥ ያዛል። የመንገዱ ኤምቲዩ ካልታወቀ 512 ባይት ይሁን ይላል። 512 አስተማማኝ ነው፣ ግን ዋጋ አለው። ሄደሮቹ ሲቀነሱ ባለ 48 ባይት መዝገብ 9 ብቻ ይገባል። 30,000 ፍሎው ለመላክ 1,000 ፓኬት ይበቃ የነበረው ከ3,300 በላይ ይሆናል። ለራውተሩም ለኮሌክተሩም ተጨማሪ ሥራ ነው።

እኔ ለክታችሁ አስገቡ እላለሁ። ከራውተሩ ወደ ኮሌክተሩ አትቁረጡኝ የሚለውን ምልክት አብርታችሁ ፒንግ አድርጉ። 1472 ባይት ጫኑ፤ 28 ሲጨመርበት 1500 ይሆናል። ካለፈ ጥሩ። ካላለፈ እስኪያልፍ ቀንሱ። ካገኛችሁት ላይ ትንሽ ዝቅ በሉ። ኤስፍሎው የሚባለው ሌላው አሠራር ከመጀመሪያው 1400 ላይ የተቀመጠ ነው፤ ይህ ለብዙ ኔትወርክ ይመቻል። በአይፒቪ6 የምትልኩ ከሆነ ሄደሩ ብቻ 40 ባይት እንደሆነ አትርሱ። እዚያ ማንኛውም መስመር ቢያንስ 1280 ማሳለፍ ግዴታው ነው፤ ስለዚህ 1280 ላይ መቆም ይቻላል። የምታስገቡት ቁጥር የአይፒ ሄደሩን ይጨምር አይጨምር ማኑዋሉን እዩ። እንደየመሣሪያው ይለያያል።

ቁጥሩን ከቀየራችሁ በኋላ ኮሌክተሩ ላይ በየፓኬቱ ሄደር ያለውን ተከታታይ ቁጥር ተመልከቱ። ቨርዥን 5 ፍሎው ይቆጥራል፣ ቨርዥን 9 ፓኬት ይቆጥራል፣ አይፒፊክስ መዝገብ ይቆጥራል። ቁጥሩ ከዘለለ መንገድ ላይ የቀረ አለ። ይህንንም ትራፊክ በሚበዛበት ሰዓት አድርጉት። ዋናው መስመር ሲቋረጥ ትራፊኩ በታነል የሚዞር ከሆነ ፒንጉን በመጠባበቂያው መስመርም ድገሙት፤ ያነሰውንም ቁጥር ያዙ።