የጭስ መውጫ ፍተሻ በጎንደር የቤት ግዢና ሽያጭ

በጎንደር ቤት ሊገዛ የመጣ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ካርታውን ነው፤ ቀጥሎ ውኃው በስንት ቀን አንዴ እንደሚመጣ፣ መኪና ደጃፍ ድረስ ይገባ እንደሆነ። ማድ ቤቱን በበሩ አንገቱን አስግጎ አይቶ ይመለሳል። ቀና ብሎ ጭስ መውጫውን የሚመለከት ገዢ ጥቂት ነው። እዚያ ላይ ያለ ጉድለት ግን ከተሰነጠቀ ግድግዳ ይልቅ ቤት ያሳጣል፣ ሰውም ይገድላል።

የጭስ መውጫ ፍተሻ የሚባለው እሳቱ ከሚነድበት አፍ ጀምሮ ጭሱ ከጣሪያ በላይ እስከሚወጣበት ጫፍ ድረስ ያለውን መተላለፊያ፣ የሚያልፍበትን ግድግዳ፣ ኮርኒስና ጣሪያ ጨምሮ መመርመር ነው። ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ የዳበረው ክረምቱን በምድጃ እሳት በሚያሳልፉ ቀዝቃዛ አገሮች ነው። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው መለኪያ የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር ያወጣው ደረጃ ቁጥር 211 ሲሆን ፍተሻውን በሦስት ይከፍለዋል። አንደኛው ምድጃው ሳይለወጥ አገልግሎቱ ሲቀጥል በየዓመቱ የሚደረግና በቀላሉ የሚታየውን ብቻ የሚያይ ነው። ሁለተኛው ቤቱ ሲሸጥ ወይም ባለቤትነቱ ሲተላለፍ፣ የምድጃው ዓይነት ሲለወጥ፣ እንዲሁም እሳት ወይም የመሬት መንቀጥቀጥ ከደረሰ በኋላ የሚደረግ ነው፤ ካሜራ ወደ ውስጥ ይወርዳል፣ ከኮርኒስ በላይ ያለው ባዶ ቦታም ይታያል። ሦስተኛው አደጋ መኖሩ ተጠርጥሮ በሌላ መንገድ ማየት ሳይቻል ሲቀር ግድግዳ እስከ ማፍረስ ይደርሳል።

ደንቡ ጎንደር ላይ ማንንም አያስገድድም። ሽያጭን ከሌላው ጊዜ የለየበት ምክንያት ግን እዚህም ይሠራል። የቆየ ባለቤት የምድጃውን ጠባይ ያውቃል፤ ነፋስ ሲነሣ አይለኩስም፣ ትልቅ ግንድ አይማግድም። አዲሱ ባለቤት ይህን ሁሉ ሳያውቅ ገብቶ በመጀመሪያው በዓል ቤቱ አይቶት የማያውቅ እሳት ያነድበታል።

የጎንደር ቤቶችና ጭሳቸው

ከተማዋ በአፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. የተቆረቆረችው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻ ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል፤ አየሩ ሲሳሳ ጭስን ወደ ላይ የሚስበው ኃይልም ይደክማል። ቆላ ላይ በደንብ የሳበ ጠባብ ቱቦ ጎንደር ላይ ቤቱን በጭስ ሊሞላው ይችላል። ሠሪዎች ቧንቧውን ሰፋና ረዘም እንዲያደርጉት የሚመከረው ለዚህ ነው።

ለገበያ የሚቀርበው ቤት አንድ ዓይነት አይደለም። ከእንጨትና ከጭቃ ተሠርቶ ቆርቆሮ የለበሰው ቤት ብዙ ጊዜ ቱቦ የለውም፤ ጭሱ በግድግዳውና በቆርቆሮው መካከል በተተወው ክፍተት ይወጣል። ከጣሊያን ወረራ ዘመን የቀሩት የፒያሳ ሕንፃዎችና የጨጨላ ቪላዎች ደግሞ ሌላ ናቸው፤ የምድጃ መውጫ ካላቸው መተላለፊያው በግንቡ ውስጥ የተቀበረ ስለሚሆን ከውጭ ሲያዩት ደኅና መስሎ ውስጡ ፈርሶ ሊገኝ ይችላል። በማራኪና በአዘዞ አቅጣጫ የተሠሩት አዳዲስ የብሎኬት ቤቶች በኤሌክትሪክ ምጣድ ታምነው ዋናው ቤት ውስጥ እሳት አያስገቡም። ነገር ግን መብራት ይጠፋል፤ ለጠላ እንኩሮ ይንኮራል፤ አረቄ ይወጣል፤ ለፋሲካ ዶሮው በትልቅ ድስት ይጣዳል። ያን ጊዜ ጓሮ ያለችው ማድ ቤት እንደገና ዋና ቤት ትሆናለች። ሻጭ «ይህ ቤት እሳት አያውቅም» ሲል ለማመን አልቸኩልም።

ምን ይታያል

ፍተሻው ከታች ይጀመራል። ዳቦ ቤት፣ ሆቴል ወይም አሮጌ ቪላ ከሆነ ከምድጃው አፍ ላይ ወደ ውስጥ ተጎንብሶ ትንሽ መስታወት በማዘንበል ወደ ላይ ማየት ይቻላል። ቱቦው ቀጥ ያለ ከሆነ በመስታወቱ ውስጥ የሰማይ ቁራጭ መታየት አለበት። ካልታየ ወይ መታጠፊያ አለ፣ ወይ ወፍ ጎጆ ሠርታለች፣ ወይ ጡብ ወድቋል። መታጠፊያ ካለው ስልክን በገመድ አስሮ መብራቱን አብርቶ ከላይ እያወረዱ ቪዲዮ መቅረጽ ውድ መሣሪያ የሚሠራውን ሥራ በከፊል ይሠራል። ገመዱ ጠንካራ ይሁን።

ቀጥሎ የሚታየው ጥቀርሻው ነው። እርጥብ እንጨት፣ በተለይ ገና ሳይደርቅ የተማገደ ባሕር ዛፍ፣ ብዙ ጭስ ይሰጣል፤ ጭሱ ቀዝቃዛውን የቱቦ ግድግዳ ሲነካ ይቀዘቅዝና ይለጠፋል። ደረጃው በጣት ይለያል። ዱቄት ሆኖ የሚራገፈው በመጥረጊያ ይወርዳል። ቅርፊት ቅርፊት እያለ የሚላጠው ጠንከር ያለ ብሩሽ ይፈልጋል። እንደ ሬንጅ ጠቁሮ የሚያብረቀርቀውና በጥፍር የማይፋቀው ግን በተራ መጥረጊያ አይነሣም፤ ከተቀጣጠለ ቱቦው ውስጥ ያለው ሙቀት ወደ 1,100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊደርስ ይችላል። እንዲህ ያለ ጥቀርሻ ያየ ገዢ ስለ ቀለምና ስለ ወለል ሴራሚክ መከራከሩን ትቶ ስለዚህ መነጋገር አለበት።

ከሁሉ በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ቱቦው ጣሪያውን የሚበሳበት ቦታ ነው። በጎንደር አብዛኛው ቱቦ በአካባቢ ብየዳ ቤት የሚጠቀለል ስስ ቆርቆሮ ነው። ወደ ኮርኒሱ ሲደርስ ቺፑዱ በቢላ ክብ ሆኖ ይቆረጥና ቱቦው ልክክ ብሎ ያልፋል፤ ከዚያ በላይ ከባሕር ዛፍ ወራጅ አጠገብ፣ አንዳንዴም ወራጁን ተደግፎ ወደ ቆርቆሮው ይወጣል። መሰላል አቁሞ ቺፑዱን አንሥቶ በባትሪ ማየት ነው። ወራጁ ቱቦውን በሚነካበት በኩል ጠቁሮ፣ ሲፋቅ ከሰል ሆኖ ከተገኘ እሳቱ ሥራውን ጀምሯል ማለት ነው። ለዓመታት እየሞቀ የኖረ እንጨት ውስጡ ስለሚለወጥ ከአዲስ እንጨት ባነሰ ሙቀት ይቀጣጠላል። ስለዚህ «ሃያ ዓመት ነደደ፣ ምንም አልሆነም» የሚለው የሻጭ ማረጋገጫ እንዲያውም የሚያሠጋ ነው። ግንብ የጭስ መውጫ እንኳን በቤት ውስጥ ሲያልፍ ከሚቃጠል ነገር 5 ሴንቲ ሜትር ያህል እንዲርቅ በውጭ ደንቦች ይፈለጋል፤ ስስ ነጠላ ቆርቆሮ ደግሞ ከዚህ በብዙ እጥፍ መራቅ አለበት። ቆርቆሮውን ከዝገት የሚጠብቀው ዚንክ በ420 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ ኃይለኛ እሳት የወረደበት ቱቦ ቀለሙ ይለወጥና በክረምት ዝገቱ ይፈጥናል። በስፌቱ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የሚያህል ብርሃን ከታየ ቱቦው ይቀየር።

ከጣሪያ በላይ ዋናው ነገር ቁመቱ ነው። በተለመደው ልኬት ጫፉ ጣሪያውን ከወጣበት ነጥብ ቢያንስ 90 ሴንቲ ሜትር፣ በ3 ሜትር ዙሪያ ካለ ከማንኛውም የጣሪያ ክፍል ወይም ሕንፃ ደግሞ 60 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማለት ይኖርበታል። አራዳ አካባቢ ጎረቤት ፎቅ በሠራ ቁጥር ይህ ልኬት ይፈርሳል። ትናንት በደንብ የሚስብ ቱቦ ዛሬ ከጎረቤት ግድግዳ የሚመለሰው ነፋስ ጭሱን ወደ ታች ይገፋዋል።

ቱቦ ለሌለው ማድ ቤት ፍተሻው አጭር ነው፤ ክፍተቱ በፕላስቲክ ወይም በማዳበሪያ ከረጢት አለመደፈኑን፣ ማድ ቤቱ ከመኝታ ክፍል ጋር ኮርኒስ አለመጋራቱን ማየት ይበቃል። ከሲሚንቶ የሚሠራውን ምርጥ ምድጃ የተከለ ቤት እንጨት ይቆጥባል፤ ጭሱ ግን አሁንም መውጫ ይፈልጋል። ከሰል የሚጠቀም ሰው ደግሞ ጭስ አለመታየቱ እንዳያታልለው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በብርድ ሌሊት ማንደጃ አስገብቶ በር የዘጋ ቤተሰብ ሳይነቃ የሚቀረው በዚህ ነው።

አዲስ ቀለም የተቀባ ማድ ቤት ሲያጋጥም ፈገግ ብሎ ግድግዳውን መዳሰስ ይገባል። ጥቀርሻ የጠጣ ምርጊት በአንድ ዙር ቀለም አይሸፈንም፤ ዝናብ ሲመጣ ቡናማው ነጥብ ተመልሶ ይወጣል፣ ሽታውም አብሮት። ከተቻለ ቤቱን በሐምሌ ወይም በነሐሴ ማየት ነው።

ከቀብድ በፊትና በኋላ

በጎንደር ይህን ብቻ ሥራዬ ብሎ የያዘ ባለሙያ መፈለግ አያዋጣም። አንድ ልምድ ያለው ግንበኛና አንድ ቆርቆሮ ሠራተኛ በግማሽ ቀን ይጨርሱታል። ደላላው የሚያመጣቸው ባይሆኑ ይመረጣል፤ ደላላ የሚከፈለው ሽያጩ ሲያልቅ ነውና።

ጊዜው ከቀብድ በፊት ነው። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቀብድ ሰጪው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፣ ተቀባዩ ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል። ቀብድ ከፍሎ ከዚያ ኮርኒስ የሚያነሣ ሰው እጁን አሳስሮ ነው የሚፈትሸው። ሕጉ ሻጩን ለተደበቀ ጉድለት ተጠያቂ ያደርጋል፤ ገዢው ያወቀውን፣ ወይም በግልጽ እየታየ በቸልተኝነት ያለፈውን ጉድለት ግን አያስከፍለውም። ስለዚህ የተገኘው ሁሉ በውሉ ላይ ይጻፍ፤ ማን እንደሚያሠራው፣ እስከ መቼ፣ ከዋጋው ስንት እንደሚቀነስ። የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በአንቀጽ 1723 መሠረት በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት መደረግ ስላለበት፣ በቡና ላይ የተሰጠ «አሠራልሃለሁ» የሚል ቃል ብዙም አያስኬድም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ቤቱ የሚሸጥ መሆኑ ይረጋገጥ። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ሲሆኑ በአሮጌዎቹ ሰፈሮች ብዙ ቤት ወደ ቀበሌ ዞሯል፤ ተከራዩ ምድጃውን በወርቅ ቢለብጠው ሊሸጠው አይችልም።

ጎረቤትም የጉዳዩ አካል ነው። ያው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225 ባለንብረት ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጭስ፣ ጥቀርሻና መጥፎ ሽታ ወደ ጎረቤቱ እንዳይለቅ ይከለክላል። ዳቦ ቤት ወይም አረቄ የሚወጣበት ግቢ የሚገዛ ሰው ከአጥሩ ማዶ ያሉትን እናቶች ቢያናግር ከሻጩ የማይሰማውን ይሰማል። የቆየ ቅሬታ ካለ ከቤቱ ጋር ነው የሚገዛው።

ለሻጭም ፍተሻው ኪሳራ አይደለም። ቱቦውን አስጠርጎ፣ የዛገውን ለውጦ፣ ኮርኒሱን ራሱ ከፍቶ የሚያሳይ ሻጭ ገዢው በጥርጣሬ የሚቆርጠውን ዋጋ ያስቀራል፤ ኋላ «ደብቀኸኛል» ከሚል ክስም ይድናል። ጥርጊያው ከክረምት በኋላ ቢሆን ጥሩ ነው። አገልግሎት ያቆመ መውጫ ካለ ደግሞ ጫፉን በክዳን መዝጋት፣ ታችኛውን አፍ መድፈንና ይህንኑ ለገዢው መናገር ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ዝናብ በግንቡ ውስጥ ይወርዳል፣ አዲሱ ባለቤትም የሚሠራ መስሎት አንድ ቀን ይለኩሰዋል።

የጥንት የድንጋይና የኖራ ግንብ ቤት ከሆነ ለጥገናው ሲሚንቶ አለመቸኮል ነው። ጠንካራ ሲሚንቶ ለስላሳው ኖራ የሚያስተነፍሰውን እርጥበት አፍኖ ድንጋዩን ያስለቅቀዋል። ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነም በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ መነካካት አይቻልም፤ በተለይ ከፋሲል ግቢ አጠገብ ያለ ቤት የሚገዛ ሰው፣ ግቢው በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ በመሆኑ፣ አዲስ ቱቦ በጣሪያው ላይ ከማቆሙ በፊት የከተማውን የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ጠይቆ መልሱን በጽሑፍ ይቀበል።