ሚካ የአንድ ማዕድን ስም አይደለም

ሚካ ሲባል ብዙ ሰው አንድ ማዕድን ይመስለዋል። አይደለም፣ የቤተሰብ ስም ነው። አባላቱ በይዘት ይለያያሉ፣ ጠባያቸው ግን አንድ ነው፤ በጥፍር ጫፍ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ሆነው ይላጣሉ። በየንጣፉ ውስጥ ያሉት አተሞች ጥብቅ ብለው የተያያዙ ሲሆን ንጣፍን ከንጣፍ የሚያገናኘው ትስስር ግን ደካማ ስለሆነ ነው። የተላጠችውን አጠፍ አድርጋችሁ ስትለቋት መልሳ ትቃናለች።

ነጣ ያለው ሙስኮቫይት ነው። ድሮ ሩሲያ ውስጥ የመስኮት መስታወት ነበር። ፍሎጎፓይት ማግኒዚየም ይበዛበታል፣ ሙቀት በመቻል ደግሞ ሙስኮቫይትን ይበልጠዋል። ሐምራዊው ሌፒዶላይት ሊቲየም አለው።

ግራ የሚያጋባው ጥቁሩ ባዮታይት ነው። ዓለም አቀፉ የማዕድናት ማኅበር በ1998 እ.ኤ.አ. ባወጣው ስያሜ መሠረት ባዮታይት የአንድ ማዕድን ስም መሆኑ ቀርቶ ብረትና ማግኒዚየም በተለያየ መጠን የያዙ ጥቁር ሚካዎች የጋራ መጠሪያ ሆኗል። ሜዳ ላይ ያለ ጂኦሎጂስት ግን አሁንም ባዮታይት ይላል፣ ችግር የለውም።

ሚካ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፣ ሙቀትም ይችላል። ማይክሮዌቭ ውስጥ በጎን በኩል ያለችው ካርቶን መሳይ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ሚካ ናት፤ እባካችሁ አትንቀሏት! የሜካፕ ዕቃ ላይ ሲአይ 77019 (CI 77019፣ የቀለም መለያ ቁጥር ነው) የሚል ካያችሁም እሱው ነው፣ ብልጭልጩ ከእሱ ይመጣል።

አሸዋ ውስጥ ወርቅ መስሎ የሚሸውደውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው። በመርፌ ጫን በሉት። ወርቅ ይሰረጉዳል፣ ሚካ ይሰነጠቃል።